የማይቆጠር ስድሳ ቀን

ኪርያት ጋት ዳር፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
አሥር ፎቅ ቆሟል፤ ያለ መስኮት፣ ያለ በር፣ ባዶ።
ክሬኑ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ፤
እኔ እንግዳው፣ የሌሊት ዘበኛ፣ የባዶ ቤት አዳሪ።
ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ አንድ፣
በእጄ ባትሪ፣ በኪሴ ቁልፍ፣ በትከሻዬ ብርድ።

«ዕድለኛ ነህ» ይሉኛል፣ «ሥራ ሲቆም ሥራ አገኘህ፣
ሰው የዘገየበት ቤት ለአንተ ደመወዝ ሆነልህ።»

አያውቁም።
ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣
ያለው የልጄ ቤት ነው፤ በወረቀት የተሠራ።
ማረፊያ ያልኳት ልጄ፣ ሰባት ዓመት በኪራይ ቤት፣
ሦስት ጊዜ ዕቃ ጠቅልላ፣ ሦስት ጊዜ ፈታችበት።

ውሉ አርባ ገጽ ነው። ቁጭ ብላ ተረጎመችልኝ፤
አንዷን መሥመር ግን ሁለቴ፣ ሦስቴ ደገመችልኝ፦
«ስድሳ ቀን ቢዘገይ እንደ መዘግየት አይቆጠርም።»
እኛ ለስግድ ሃምሳ ቀን ስንቆጥር አንዱም አይቀርም።
የማይቆጠር ቀን ደግሞ ከወዴት መጣ?
ፀሐይ አልወጣችበትም? አከራይዋስ በዚያ ቀን በሯን ሊያንኳኳ አልመጣ?

ከስድሳው በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ «ከአቅም በላይ» ተባለ።
ከኬብሮን በማለዳ ይደርስ የነበረው ለሳኙ ነዲም ከኬላው ወዲያ ዋለ።
ካዙላው ባልዲው ውስጥ ደርቋል፤
ግድግዳው እስከ ወገቡ ለብሷል፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቀርቷል።
የነዲምን ቀን ማን ቆጠረው? በየትኛው ገጽ ሰፈረ?
ኮንትራክተሩ አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅሁ፣ ውሉም አልተናገረ።

«ዕዳው ገብስ ነው» ይል ነበር አባቴ፣ ነገር ሲቀልበት።
ገብስማ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ በቁና ይለካል፤ ማለቂያ አለበት።
ይህ ግን ሳይዘሩት ይበቅላል፣ ሰው ሲተኛ ያድጋል፤
የሲሚንቶ ዋጋ ሲወጣ የልጄም ዕዳ ተከትሎ ይወጣል፤
ሲሚንቶው ሲወርድ እሱ እዚያው ላይ ይቀራል።
ኢንዴክስ ነው ስሙ። ፊቱን ያየው ሰው የለም፤
ከእሷ ገበታ እንጂ ከኮንትራክተሩ ገበታ ሲበላ አላየሁም።

በወሩ መጨረሻ ኮንትራክተሩ ይከፍለኛል፤
በነጋታው ለማረፊያ እሰጣለሁ፤ በሦስተኛው ቀን አከራይዋ ይቀበላል።
ቤቱ ቶሎ ቢያልቅ እኔ ሥራ ፈታሁ፤
ባያልቅ እሷ አለቀች። ስንት ሌሊት ይህን አሰላሁ!
አንድ ማለዳ ክሬኑ ሲያጓራ፣ እልል ማለት ሲገባኝ፣
ደመወዜ ትዝ አለኝና (ለልጄ አትንገሩብኝ)
ሆዴን ባር ባር አለኝ።

«ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ይባላል።
ይህን ያለ ሰው
ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ስድስተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤
ማድ ቤቷ በሚሆነው ቦታ፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ እቀመጣለሁ።
እዚህ ጋ ምድጃው፣ እዚያ የልጅ አልጋው፣ እያልኩ
በባትሪዬ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሣልኩ።
አልጋው እንኳ አሁን አይሆንም።
ሲዋዋሉ በሆዷ የነበረው ልጅ
ትናንት ሮጦ ደረቴ ላይ ወጣ፤
አልጋው ቤት ሳይገባ ልጁ ከአልጋው ወጣ።

ግጥም ቤት ይመታል ይላሉ። የእኔ ስንኝ እንደ ምንም መታ፤
የልጄ ቤት ግን ይኸው ሳይገጥም፣ ዛሬም ሌላ ማታ።
ሁለት መሥመር ለማጋጠም አንድ ዘበኛ ከበቃ፣
አርባ ገጽ የፈረመ ሰው ምነው አንድ በር ማቆም አቃተው? እላለሁ፤ ከዚያ ውሻው ይነቃ፣
ይጮህና እወርዳለሁ።

ሲነጋ መዝገቡን እከፍታለሁ። ቀኑን እጽፋለሁ፤ የሚቆጠረውን፣ የእኔን።
ከሥሩ፣ እንደ ሁልጊዜው፣
በአማርኛ ፊደል በተሳሰረ ዕብራይስጤ፦
«ሌሊቱ ሰላም ነበር።
የጠፋ ነገር የለም።»